ደርማብሌንድ ከቨር ክሬም፦ የፊት ጠባሳን ምን ያህል ይሸፍናል?

ደርማብሌንድ ከቨር ክሬም ጠባሳን ለመሸፈን የሚቀባ መዋቢያ ነው። የጠባሳውን ቀለም በደንብ ይደብቃል፤ ቅርጹን ግን አይደብቅም። ያበጠ ወይም የጎደጎደ ጠባሳ ላይ ብርሃን በጎን ሲያርፍ ጥላው ይታያል።

ክሬሙ ወፍራም ነው፤ በቀጥታ ፊት ላይ አይቀባም። የምስር ፍሬ የምታክል በእጅ ጀርባ ላይ በጣት አሽቶ ማለስለስ፣ ከዚያ ጠባሳው ላይ በጣት ጫፍ መታ መታ እያደረጉ ዳር ዳሩን ማሳሳት ነው። ፊት ላይ ማሸት ከስር የተቀባውን ያነሳዋል። ሁለት ስስ ንብርብር ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ለቀላ ጠባሳ አስቀድሞ ስስ አረንጓዴ የቀለም ማረሚያ (ከክሬሙ በፊት የሚቀባ)፣ በጠይም ቆዳ ላይ ለጠቆረ ደግሞ ብርቱካናማ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ አመድማ ይሆናል።

በመጨረሻ ክሬሙን የሚያጸናውን ፓውደር አብዝቶ ነስንሶ 2 ደቂቃ መተውና ትርፉን በብሩሽ ማራገፍ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ቸኩሎ ያራግፈውና ክሬሙ አንገትጌ ላይ ይቀራል።

ጠባሳን የእርግማን ምልክት አድርገው በሚያዩ ሰዎች መካከል ለሚኖር ሰው፣ ለቃለ መጠይቅ ወይም ለሠርግ ቀን የሚሰጠው እፎይታ ትልቅ ነው። ጠባሳ ግን የዳነ ቆዳ እንጂ እርግማን አይደለም፤ የሚወዱን ሰዎች ፊት ያለ ክሬም መቀመጥም ይቻላል።

ያልዳነ ቁስል ላይ በፍጹም አይቀባም። ማታ ዘይትነት ባለው የመዋቢያ ማስለቀቂያ ይነሳል፤ ውሃ ብቻውን አያስለቅቀውም።