«ሁሉንም እኔ እጨርስላችኋለሁ» ለሚላችሁ ሰው አትፈርሙ

ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ሌላ ቦታ ያላችሁ፣ ከጓደኛ ወይም ከዘመድ ጋር ገንዘብ አዋጥታችሁ ሥራ ልትጀምሩ ካሰባችሁ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ አትፈርሙ።

በእኛ አካባቢ የድርጅት ምሥረታ «ጉዳይ አስፈጻሚ» ነኝ የሚል ሰው አለ። ጠበቃ አይደለም። የሚሸጠው አንድ ዝግጁ መመሥረቻ ጽሑፍ፣ ማለትም ማኅበሩ የሚቋቋምበት ውል ነው። የእናንተን ስም ያስገባል፣ ያትማል፣ ያስፈርማል። ዋጋው ከጠበቃ ያንሳል፤ በዚያ ላይ ቶሎ ያልቃል። ሰው የሚወድለትም ለዚህ ነው።

የአክስቴ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የበርበሬና የባልትና ሥራ ሊጀምር ወደዚህ ሰው ሄደ። አንዱ ገንዘብ አመጣ፣ አንዱ ወፍጮውን፣ የአክስቴ ልጅ ደግሞ የሥራ ቤትና ጉልበቱን። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲሆንላቸው ሲጠይቁ «እሱ ብዙ ካፒታል ይፈልጋል፣ ለእናንተ ሽርክና ይሻላል» አላቸው።

ይህ ሐሰት ነው። በ2013 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243፣ ለግል ማኅበር የሚጠየቀው ዝቅተኛ ካፒታል 15,000 ብር ነው። አባላቱም ከ2 እስከ 50 ናቸው። ሦስት ሰው በደንብ ይበቃል። ብቻውን መሥራት የሚፈልግም ባለ አንድ አባል ማኅበር ማቋቋም ይችላል።

የተጻፈላቸው ግን የኅብረት ሽርክና ማኅበር ነው። ልዩነቱን ማንም አላስረዳቸውም። በግል ማኅበር ዕዳ ቢመጣ አባሉ የሚያጣው ያዋጣውን ነው። በኅብረት ሽርክና ግን ሸሪኮቹ ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትም በነጠላም ተጠያቂ ናቸው፣ ማለትም ሙሉው ዕዳ ከአንዳቸው ብቻ ሊጠየቅ ይችላል፤ የማኅበሩ ንብረት ካልበቃ የግል ንብረታቸው ይጠየቃል። ሥራ አስኪያጅ የሆነው ጓደኛቸው በዱቤ ብዙ በርበሬ ገዛ። ዋጋው ወረደ። አሁን በዱቤ የሸጠላቸው ነጋዴ የሚጠይቀው ማኅበሩን ብቻ አይደለም፤ የአክስቴ ልጅ ልጆቹን የሚያሳድግበትን ቤት ጭምር ነው። እሱ ደግሞ ስለ ግዢው አስቀድሞ የሰማው ነገር አልነበረም።

ወፍጮውም ሌላ ጣጣ አመጣ። በዓይነት፣ ማለትም በገንዘብ ሳይሆን በዕቃ፣ የተዋጣ ንብረት ተገምቶ፣ የማን መዋጮ እንደሆነ መጻፍ ነበረበት። አልተጻፈም። ባለቤቱ «አዋስኳችሁ እንጂ አልሰጠኋችሁም» ይላል፤ ሌሎቹ የማኅበሩ ነው ይላሉ። ሥራ አስኪያጁ ያለ ሸሪኮቹ ስምምነት እስከ ስንት ብር መዋዋል እንደሚችል፣ ሒሳብ መቼ እንደሚያሳይ፣ አንዱ ልውጣ ቢል ድርሻው እንዴት እንደሚተመን አንድም መስመር የለም። ለዚያ ወረቀት የከፈለው ደግሞ ያው ሥራ አስኪያጁ ነው። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ሰው ለማን እንደሚሠራ መጠየቅ ነውር አይደለም።

እኛ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ወረቀት አጥብቆ መጠየቅ ጓደኛን እንደ መጠርጠር ይታይብናል። ይገባኛል። ሽማግሌም ሦስቱን ሊያስታርቅ ይችላል፤ ተቀምጦም ነበር። በዱቤ የሸጠው ነጋዴ ግን ያመነው የእነሱን ቃል ሳይሆን ፊርማቸውን ነው።

በክልላችን የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው ፍትሕ ቢሮ ነው። ፈቃዱን አሳዩኝ በሉ። ጠበቃ ቢያጠፋ በዲሲፕሊን ይጠየቃል፤ ጉዳይ አስፈጻሚውን ግን ማን ይጠይቀዋል? የመክፈል አቅም የሌላችሁ የባሕር ዳር ወይም የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። ሰነድ አረጋጋጩ ፊት ከመቅረባችሁ በፊት ጽሑፉን ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። «ዛሬ ካልፈረማችሁ ያልፋል» የሚል ካለ ጥላችሁት ውጡ።

ቀድማችሁ የፈረማችሁ ደግሞ መመሥረቻ ጽሑፋችሁን አውጡና የማኅበሩን ዓይነት እዩ። የኅብረት ሽርክና ከሆነ፣ ሸሪኮች ተስማምተው ጽሑፉን ማሻሻል ወይም ማኅበሩን ወደ ግል ማኅበር መለወጥ ይቻላል። ይህን ዕዳ ሳይመጣ አድርጉት፤ ከለውጡ በፊት የተገባው ዕዳ በመለወጡ ብቻ ከሸሪኮቹ ላይ አይወርድም።