ለአይጥ ወጥመድ ግዙ፣ የመንገዱን መርዝ ተዉት

አንብቦ ለመጨረስ ጊዜ የሌለው ይቺን ይዞ ይሂድ። ባለ ሞላ የእንጨት ወጥመድ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦና ትንሽ ሲሚንቶ ግዙ። የእኛን ቤት አይጥ ያጠፉት እነዚህ ናቸው። ሌላው ወይ አልሠራም፣ ወይ ቢሠራም ልጅ ያለበት ቤት የሚገባ ነገር አይደለም።

ቤታችን አዲስ አበባ ያለ የድሮ ጭቃ ቤት ነው። ኮርኒስ አለው፣ ወጥ ቤቱ ጓሮ ነው። ክረምት ሲገባ አይጥ መምጣቱ ለሰፈራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዝናቡ ጉድጓዳቸውን ሲሞላው ደረቅ ቦታ ፍለጋ ወደ ሰው ቤት ይገባሉ። ዘንድሮ ግን አጠገባችን ያለ አሮጌ ቤት ስለፈረሰ ባሰ። ማታ መብራት አጥፍተን ስንተኛ ኮርኒሱ ላይ ሩጫ ነው። ጠዋት ብፌው ውስጥ ካካ፣ የሽሮው ላስቲክ ተቀዶ፣ የጤፉ ማዳበሪያ ጥጉ ተበልቶ እናገኘዋለን። ስለዚህ ገበያ ላይ ያለውን ማየት ጀመርን።

ከመንገዱ መርዝ ልጀምር፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው እሱን ስለሆነ። ታውቋቸዋላችሁ፣ በትንሽ ድምፅ ማጉያ «የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን፣ የቁንጫ» የሚል የተቀዳ ድምፅ እያስጮኹ የሚዞሩት። ርካሽ ነው፣ በር ድረስ ይመጣል፣ «ዛሬ ማታ አድርጊው፣ ነገ ጠዋት ሞታ ታገኛታለሽ» ይላሉ። እናቴ ገዝታ አመጣች። በላስቲክ የተቋጠረ ግራጫ ዱቄት። ስም የለው፣ የተሠራበት አገር የለው፣ ምን እንደሆነ የሚናገር አንድ ፊደል የለበትም። አይሆንም አልኳት፣ አልተጠቀምንበትም። እንዲህ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለና ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል መርዝ ብዙ ጊዜ ዚንክ ፎስፋይድ ነው። ሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ አይጧን የሚገድላት እሱ ነው። ሰውንም ይገድላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ይሄ ነገር ነው እንግዲህ በየቤቱ ከበርበሬና ከዱቄት ጎን የሚቀመጠው።

ሻጮቹ ላይ ለመፍረድ አይደለም፣ እንጀራ ፍለጋ ነው የሚዞሩት፣ የሚሸጡት ምን እንደሆነ እነሱም የሚያውቁት አይመስለኝም። ግን ሕግ አለ። የ2002ቱ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 674፣ ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ያም ሆኖ ዱቄቱ በላስቲክ ተቋጥሮ በየበሩ ይዞራል፣ ይሄ እኔን በጣም ያሳስበኛል።

ከሱ የሚብሰው ደግሞ ለእህል ነቀዝ የተሠራውን እንክብል ለአይጥ ጉድጓድ የሚጠቀም ሰው መኖሩ ነው። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ያንኑ ጋዝ ለመልቀቅ የአየሩ እርጥበት ብቻ ይበቃዋል፣ ጋዙም በወለልና በግድግዳ ስንጥቅ አልፎ የተኙ ሰዎች ጋ ይደርሳል። ሰው የሚተኛበት ቤት ይሄን ነገር አታስገቡ። በቃ።

በመርዝ ካልሆነ አይሆንም የሚል ሰው ቢያንስ ማሸጊያው ላይ ብሮዲፋኩም ወይም ብሮማዲዮሎን የሚል የተጻፈበትን ይግዛ። በእንስሳት መድኃኒት ቤቶችና በግብርና ዕቃ መሸጫዎች ጠይቁ። ቀለም የተነከረ እህል ወይም በሰም የተጋገረ ቁራጭ ነው። ደም እንዳይረጋ በማድረግ ይገድላል። አይጧ ወዲያው አትሞትም፣ ከ3 እስከ 7 ቀን ገደማ ትቆያለች፣ ስለዚህ ሕመሟን ከምግቡ ጋር አታያይዘውም፣ ደግማ ትበላለች። ማርከሻ አለው፣ ቫይታሚን ኬ 1 ነው። ሰው ከበላው ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ ማሸጊያውን ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ለመጋዘን ጥሩ ዕቃ ነው። ለመኖሪያ ቤት ግን አይጧ የምትሞትበትን ቦታ እናንተ አትመርጡም፣ ኮርኒስ ውስጥ ከሞተች ኮርኒሱን ካልቀደዳችሁ አታወጧትም፣ ሽታው ደግሞ ቤት ያስለቅቃል። ሌላው፣ መርዝ የበላች አይጥ ስለምትደክም ለድመት በቀላሉ ትያዛለች። የጎረቤቶቻችን ድመት የሞተችው እንዲህ ነው። መርዙን ያስቀመጠው ሌላ ግቢ፣ የሞተችው የእነሱ ድመት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ልጆቹ ስንት ቀን አለቀሱ።

ማጣበቂያውን ሞክረነዋል። መጽሐፍ መስሎ የሚታጠፈው፣ ሲከፈት ውስጡ ሙጫ ያለው። ይይዛል፣ እውነት ለመናገር የመጀመሪያው ማታ ይዟል። ግን አይገድልም። አይጧ ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህ ታድራለች፣ ጠዋት በሕይወት ያለች፣ ቆዳዋ የተላጠ እንስሳ ፊታችሁ ታገኛላችሁ፣ ከዚያ እንዴት እንደምትገድሏት እናንተው ተጨነቁ። እኔ ያንን ማየት አልፈልግም፣ ልጆችም እንዲያዩ አልፈልግም። እንግሊዝ ከ2024 ጀምሮ ተራ ሰው እንዳይጠቀምበት በሕግ ከልክላለች፣ ምክንያቱ ይገባኛል። ለጤናም ጥሩ አይደለም፣ የፈራች አይጥ ባለችበት ትሸናለች፣ አይጥ የምታመጣው በሽታ የሚተላለፈው ደግሞ በሽንቷ ጭምር ነው። በዚያ ላይ አቧራ ከነካው ሙጫው ይሞታል፣ በእኛ ቤት አቧራ ማታውኑ ጨረሰው። (ልጅ እጁን ወይም እግሩን ካስገባ በውሃ አትታገሉ፣ በምግብ ዘይት እሹት፣ ይለቃል።)

ሶኬት ላይ የሚሰካውን ማሽን አትግዙ። በሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ አውጥቶ አይጥ ያባርራል ነው የሚባለው፣ ቴሌግራም ላይ በየቻናሉ ይሸጣል። ሰው ከ20,000 ሄርትዝ በላይ አይሰማም፣ አይጥ ትሰማለች፣ እዚህ ድረስ ልክ ነው። ችግሩ እንዲህ ያለ ድምፅ ግድግዳም ብፌም አያልፍም፣ አይጧም ቶሎ ትለምደዋለች። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2001 ከ60 በላይ ለሚሆኑ አምራቾችና ሻጮች ስለ ማሽኑ የምትናገሩትን በሳይንስ ማስረጃ ደግፉ ብሎ ማስጠንቀቂያ ጽፎላቸዋል። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ ያው ወሬ እኛ ጋ እንደ አዲስ ይሸጣል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጭራሽ የለም። የእኛው ማሽን ከተሰካበት ሶኬት ሥር ካካ አግኝተናል።

ተባይ እናጠፋለን የሚል ድርጅትም ጠርተን ነበር፣ ስሙን አልጠቅስም። ሁለት ልጆች ታንክ አዝለው መጡ፣ ግድግዳውን ዙሪያውን ረጩና ገንዘባቸውን ተቀብለው ሄዱ። የሚረጨው የበረሮ መድኃኒት ነው። አይጥን አይነካትም። አንድ ቀዳዳ አላዩም፣ ኮርኒስ አልወጡም። ስለዚህ ድርጅት ስትጠሩ ገና በስልክ ጠይቁ፦ ለአይጥ የምትጠቀሙት ምንድነው፣ ማሸጊያውን ታሳዩኛላችሁ ወይ፣ መግቢያውን ፈልጋችሁ ትደፍናላችሁ ወይ፣ ተመልሳችሁ መጥታችሁ ታያላችሁ ወይ። «እንረጫለን» ብቻ ካሉ ስልኩን ዝጉት።

አሁን ወደ ወጥመዱ። ተራው የእንጨት ወጥመድ፣ ሞላና ሽቦ ያለው፣ አያቶቻችንም የሚያውቁት። ዋጋው ከማሽኑ ጋር አይወዳደርም፣ በጣም ርካሽ ነው። ሲይዝ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይገድላል፣ ሬሳው እጃችሁ ላይ ነው፣ ኮርኒስ ውስጥ የሚሸት ነገር የለም፣ መርዝ የለም፣ ታጥቦ ደግሞ ይጠመዳል።

«ወጥመድ ሞክሬ አልያዘልኝም» የሚል ሰው ብዙ ነው፣ አጠማመዱን ብጠይቅ ሁሌም አንዱን መሃል ወለል ላይ አስቀምጦ ነው። አይጥ መሃል ወለል ላይ አትሄድም። በጢሟ ግድግዳ እየዳሰሰች ጥግ ጥጉን ነው የምትሮጠው። ወጥመዱ ግድግዳው ጥግ መሆን አለበት፣ ምግቡ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን እንዲነካ አድርጋችሁ፣ በቁመቱ ወደ ክፍሉ እንዲወጣ። ብዛትም ወሳኝ ነው። የቤት አይጥ በ3 ሳምንት ገደማ ትወልዳለች፣ በአንዴ 5 ወይም 6 ግልገል፣ ግልገሎቹም በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። አንድ ወጥመድ አስቀምጦ ሳምንት የሚጠብቅ ሰው ከመራባታቸው ጋር አይደርስም። በአንድ ማታ ብዙ አድርጋችሁ ጥመዱ። በየ2 ሜትሩ፣ ከፍሪጁ ኋላ፣ ከምድጃው ሥር፣ ከብፌው ጎን፣ ካካ ባያችሁበት ሁሉ። ከጎጆዋ ብዙ አትርቅም፣ ምግብ ካለ 10 ሜትር እንኳ አትሞላም፣ ስለዚህ ካካው ካለበት አጠገብ ነው ያለችው።

ለማጥመጃው ዳቦ አታድርጉ፣ አንስታው ትሄዳለች። የለውዝ ቅቤ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ብቻ፣ የሽንብራ ፍሬ የምታክል። ብዙ ካደረጋችሁ ዳር ዳሩን ልሳ ሞላውን ሳትነካ ትሄዳለች። ከሁሉ የሠራልን ግን ቋንጣ ነው። ትንሽ ቁራጭ በክር ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ለመንጠቅ ስትታገል ይለቅባታል። የቋንጣ ሽታ ያለበት ወጥመድ ባዶ ያደረበትን ማታ አላስታውስም።

ኮርኒስ ላይ የምትሰሙት ከባድ ሩጫ ከሆነና ካካው ከ1 ሳንቲሜትር በላይ ከሆነ ግን ያቺ ትንሿ አይጥ አይደለችም፣ ትልቁ ነው። ለሱ ትልቁን ወጥመድ ግዙ፣ ትንሹ ወጥመድ አቁስሎ ይለቀዋል። ጠባያቸውም ይለያያል። ትንሿ አዲስ ነገር ታያለች፣ ቀርባ ትነካለች። ትልቁ ፈሪ ነው፣ ትናንት ያልነበረ ነገር ዛሬ ካየ ይርቀዋል። ስለዚህ ወጥመዱን ምግብ አድርጋችሁ ሳትጠምዱት ጥቂት ቀን ተዉለት፣ እየለመደ ይብላ። ከዚያ ጥመዱት። እኛ ኮርኒሱን ያጸዳነው በዚህ ትዕግሥት ነው። የሽቦ ሳጥኑ፣ በሕይወት የሚይዘው፣ እሱም ይሠራል፣ ግን ከያዛችሁ በኋላ ምን ልታደርጉት ነው? ደጅ ብትለቁት ይመለሳል።

ያሉትን መያዝ ግን ግማሹ ሥራ ነው። ቀዳዳው ካልተደፈነ የሚቀጥሉት ይገባሉ። ትንሿ አይጥ 6 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ቀዳዳ ታልፋለች። የውሃ ቱቦ ግድግዳ የሚያልፍበትን፣ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚገባበትን፣ የበር ሥሩን፣ ኮርኒስና ግድግዳ የሚገናኙበትን በባትሪ እያበሩ ማየት ነው። ማታ ውስጥ ሆናችሁ አንድ ሰው ከውጭ ያብራላችሁ፣ ብርሃን የገባበት ሁሉ መግቢያ ነው። ኮንዶሚኒየም ላላችሁ ደግሞ ሲንክ ሥር ቱቦው ወደ ዳክቱ የሚወጣበትን እዩ፣ ከታች ፎቅ የምትመጣው በዚያ ነው። በፎም፣ በጨርቅ፣ በላስቲክ አትድፈኑ። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ ሁልጊዜ ትቆረጥማለች፣ ያንን ሁሉ በአንድ ማታ ትጨርሰዋለች። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አጭቃችሁ ጠቅጥቁበት፣ ላዩን በሲሚንቶ ለስኑት። ሽቦ አትበላም። የበሩ ሥር ላይ ቆርቆሮ ምቱበት።

ጤፍና ዱቄት በማዳበሪያ ወለል ላይ አይቀመጥ፣ ክዳን ያለው በርሜል ወይም ወፍራም ባልዲ ይግባ። የቤት አይጥ በቀን 3 ግራም ገደማ ምግብ ይበቃታል፣ ከምድጃ ሥር የወደቀ ፍርፋሪ ይቀልባታል። ስለዚህ ጽዳት ብቻውን አያባርራትም፣ ግን ወጥመዱ ላይ ያለውን ቋንጣ ይበልጥ እንድትፈልገው ያደርጋል።

ካካውን ስታጸዱ በደረቁ አትጥረጉ። አቧራው ይነሳል፣ ትተነፍሱታላችሁ። ጓንት አድርጉ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አርከፍክፉበት፣ 5 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ በወረቀት አንሱት። የሞተችውንም እንደዚሁ፣ በሁለት ላስቲክ አድርጋችሁ ጣሉ። ጠራጊ ሠራተኛ ካለቻችሁ ለሷም ጓንት ግዙላት።

ድመት ስለሚሉት፣ ጥሩ ነው፣ አንዳንዷ ጎበዝ አዳኝ ናት። ግን ኮርኒስ ውስጥ አትገባም፣ መርዝ ያለበት ሰፈርም ዕድሜዋ አጭር ነው።

ወጥመዱን መርካቶ የዕቃ መሸጫዎች ውስጥ ታገኛላችሁ፣ የሰፈር የግንባታ ዕቃ ሱቅም ጠይቁ። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ በእስክሪብቶ ለቀቅ አድርጋችሁ ሞክሩት፣ በጣት እንዳትሞክሩ። ሞላው ልል የሆነውና ሽቦው እንጨቱን እኩል የማይመታው አይገድልም፣ ሌላ አስመጡ። እኛ ከገዛናቸው ውስጥ የፕላስቲኮቹ ጥርስ ቶሎ ተሰብሯል፣ የእንጨቶቹ ግን ሁሉም አሁንም ይሠራሉ።