የወገራ ነፋስ፣ የኔ ሄልሜትና ብርቱካናማዋ ስፖንጅ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቤቴ ጎንደር፣ ሥራዬ ወገራ ወረዳ ነው። ስለዚህ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ሞተር ላይ ነኝ። ዛሬ ስለ ሁለት ዕቃ ልንገራችሁ፤ አምና ስለገዛሁት ሄልሜትና ጆሮ ውስጥ ስለምትገባ አንዲት ቁራጭ ስፖንጅ። ውዱ ዕቃ አናዶኛል፣ ርካሹ ግን ክሶኛል።

መጀመሪያ ላሚቱን ላውራችሁ። አንድ ቀን ከጎንደር ተነስቼ የትም ሳልቆም አምባ ጊዮርጊስ ገባሁ። አንዲት እናት መብላት ያቆመች ላም ይዘው ይጠብቁኛል። የላም ጨጓራ በግራ ጎኗ በኩል ነው። ጤነኛ ከሆነች በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም በማዳመጫ ይሰማል። ማዳመጫዬን አስጠጋሁ። ጭውውው። ቦታ ቀየርኩ። አሁንም ጭው። ማዳመጫው ተበላሽቶ ይሆን ብዬ በጣቴ መታ መታ አደረግሁት፤ ደህና ነው። ለካ የሚጮኸው የራሴ ጆሮ ኖሯል! ሴትዮዋ ዝምታዬ አስፈራቸውና «ምነው ዶክተር፣ ሞተች እንዴ?» አሉኝ። ላሚቱ ቆማ ታየናለች።

ሄልሜቱን በ4,200 ብር ነው የገዛሁት። ሱቁን አልጠራም። ጥቁር ነው፣ ሙሉ ፊት ይሸፍናል፣ አገጩ ወደ ላይ ይከፈታል። መጀመሪያ የሞከርኩት ጉንጬን ጭምቅ አድርጎ ያዘኝ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ ራስ ምታት ነው የሚያመጣብህ፤ አንድ ቁጥር ከፍ እናድርገው» አለ። እኔም እሺ አልኩ። የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። አዲስ ሄልሜት ጉንጭን ጠበቅ አድርጎ መያዝ አለበት፤ የውስጡ ስፖንጅ ከጊዜ ጋር ይለቃል። የኔው አሁን አንገቴን ሳዞር ዘግየት ብሎ ነው የሚከተለኝ።

ብዙ ሞተረኛ የሚያደነቁረው የሞተሩ ድምፅ ይመስለዋል። እኔም ጭስ ማውጫውን ስረግም ነበር። ግን ፍጥነት ከ60 ኪሎ ሜትር አለፍ ሲል ነፋሱ ሞተሩን ይበልጠዋል። በ100 ኪሎ ሜትር ደግሞ ሄልሜት ውስጥ ያለው ጩኸት 100 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) አካባቢ ሊደርስ ይችላል። የጆሮ ጤና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ ስሌት አለ፦ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ይቻላል፤ ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። አስሉት፤ 100 ላይ ሲደርስ የቀረው 15 ደቂቃ ነው። እኔ ወደ አምባ ጊዮርጊስ መንገድ ላይ ያለችው ኮሶዬ እንኳ ሳልደርስ የቀኑን ድርሻዬን እጨርሳለሁ ማለት ነው። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ የሚቀበሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ደግሞ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም።

ታዲያ የሄልሜት ሥራው አደጋ ሲመጣ ጭንቅላትን ማትረፍ ነው፤ ጆሮን ከጩኸት ለመከላከል አልተሠራም። ነፋሱ በብዛት የሚገባው ከአገጭ ሥርና ከአንገት በኩል ነው። ይህን ያወቅሁት ብርድ ሲጠናብኝ አንገቴ ላይ ሻል ጠምጥሜ ጫፉን ጃኬቴ ውስጥ ስወሽቅ ነው። ጩኸቱ ወዲያው ረገብ አለ። ጫፉ ከወጣ ግን እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ ይብስበታል።

አሁን ወደ ስፖንጇ። ስሪኤም 1100 ትባላለች፤ ብርቱካናማ፣ ጫፏ ሾጠጥ ያለ። ያገኘኋት ለግንባታ ሠራተኛ ጓንትና አንጸባራቂ ሰደርያ ከሚሸጥ ሱቅ ነው፣ ጥንዱ 40 ብር። የአሜሪካው ማሸጊያ 29 ዴሲቤል ትቀንሳለች ይላል። በደንብ ካልገባች ግን ያን ያህል አትቀንስም። እኔም መጀመሪያ ዝም ብዬ ስወትፋት ምንም ለውጥ አላየሁም።

ዘዴው እንዲህ ነው። እጅ ታጥቦ፣ ስፖንጇ በጣት እንደ ጧፍ ቅጥን እስክትል ትድቦለቦላለች። ከዚያ ቀኝ እጅ በራስ ላይ ዞሮ ግራ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይስባል። በግራ እጅ አስገብቶ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት መያዝ ነው። ውስጥ ሆና ቀስ እያለች እንደ ሊጥ ኩፍ ስትል ይታወቃል፤ ዓለም በአንዴ ራቅ ትላለች። ቀጥሎ ሄልሜቱን ሰፋ አድርጎ ማጥለቅ ነው፤ አለበለዚያ ጆሮን አጥፎ ይነቅላታል። ሁለት ጥንድ እንዲህ ጠፍቶብኛል።

«የአይሱዙ ጥሩንባ አልሰማም ብለህስ?» ያለኝ ባልደረባ አለ። እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ሜዳው ላይ ነፋሱ ሲቀንስ ጥሩንባው ጎልቶ መጣ። ከተማ ውስጥ አላደርጋትም። አራዳ በባጃጅ መሀል በዝግታ ስትሄድ ነፋስ የለም፤ ጆሮህን ክፍት አድርግ። (የባጃጁ ጥሩንባ ራሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ጉድለቷ ቶሎ መቆሸሿ ነው። አንድ ጊዜ ተጠቅሞ ለመጣል የተሠራች ናት፤ እኔ ግን እስክትደርቅ ሦስት አራት ቀን አቆያታለሁ። ለሄልሜቱ ከአምስት ሁለት፣ ለስፖንጇ አራት ተኩል።

በቀደም ሌላ ላም አዳመጥኩ፤ ከሞተር እንደወረድኩ፣ ሦስቱንም ቆጠርኩ። አሁን ቤት የቀረኝ አንድ ጥንድ ነው፤ ሰኞ ደግሞ ዳባት ድረስ አለብኝ። ሱቁ ቅዳሜ ከሰዓት ይዘጋል፤ ልሂድ።