«እውነተኛ ቆዳ» የተባለ ስትሮፕ ከመግዛታችሁ በፊት የተቆረጠ ጠርዙን እዩ

በሚታጠፍ ምላጭ ለምትላጩ ሁሉ፣ በተለይ ገና ለጀመራችሁ፦ ምላጩ፣ የአረፋ ብሩሹ፣ አረንጓዴ ማለስለሻውና ስትሮፑ (ምላጭ የሚታሽበት ረጅም የቆዳ ጠፍር) በአንድ ሳጥን ተደርድረው «ሙሉ ስብስብ» ተብለው የሚሸጡትን ተጠንቀቁ። ስትሮፑ እዚያ ሳጥን ውስጥ የገባው ብዙውን ጊዜ ለማሟያ ነው። ጉዳቱ ደግሞ በወጣው ገንዘብ ብቻ አያበቃም። ምላጩ ጢሙን እየጎተተ ፊት ሲለበልብ ገዢው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ምላጩን ነው። በድንጋይ ይስለዋል፣ አንድ ሁለት ቀን ደህና ይላጭበታል፣ ከዚያ እዚያው ቆዳ ላይ አሽቶ መልሶ ያደነዝዘዋል። ጥፋተኛው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሳለ ምላጩ በከንቱ ያልቃል።

በደንብ የተሳለ ምላጭ የስለቱ ጫፍ ውፍረት ከ1 ማይክሮን (ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) በታች ነው። ጢም ሲቆርጥ ይህ ጫፍ ይንጋደዳል። የስትሮፕ ሥራ እሱን መልሶ ማቅናትና ማለስለስ ነው፤ ለዚህም ገጹ ለጥ ያለ፣ ጠንከር ያለና ምላጩን በመጠኑ ያዝ የሚያደርግ መሆን አለበት። ቆዳው ከለሰለሰ ወይም ከጎረበጠ በስለቱ ጫፍ ላይ ይጠቀለልና ያዶለዱመዋል።

አሁን ወደ ማታለያው። «እውነተኛ ቆዳ» የሚለው ጽሁፍ ስለ ጥራት ምንም አይነግራችሁም። ወፍራም ቆዳ በማሽን ሲሰነጠቅ ጭረቶቹ (ቆዳው የተሠራባቸው ቀጫጭን ክሮች) ጥቅጥቅ ብለው የተያያዙበት የላይኛው ክፍል ለጥሩ ዕቃ ይሄዳል። የታችኛው ልል ክፍል ፕላስቲክ ነክ ሽፋን ይቀባና የቆዳ መልክ በማተሚያ ይታተምበታል፤ እሱም በስሙ «እውነተኛ ቆዳ» ነው፣ ውሸት አልተባለም። ከዚህ የባሰው ቁርጥራጭ ቆዳ ተፈጭቶ በሙጫ የተጋገረው ነው። በሁለቱም ላይ ምላጩ የሚነካው ሽፋኑን እንጂ ቆዳውን አይደለም፤ ሽፋኑም ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል።

ፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ስለዚህ ምንም አያሳይም። ሻጩን የተቆረጠውን ጠርዝና ጀርባውን በቅርብ አንስቶ እንዲልክ ጠይቁት። ሙሉ ቆዳ ከሆነ ጭረቱ ከላይ ጥቅጥቅ ብሎ ወደ ታች ቀስ በቀስ ይላላል፤ መካከሉ ላይ የመለያያ መስመር አይታይም። ከላይ እንደ ላስቲክ የሚያብረቀርቅ ቀጭን መስመር ካያችሁ የተቀባ ነው። ጠርዙ እንደ ካርቶን ወጥ ሆኖ ከጀርባው ጨርቅ ከተለጠፈበት ደግሞ የተጋገረ መሆኑን ጠርጥሩ። ዙሪያውን በቀለም የተደፈነ ወይም ታጥፎ የተሰፋ ከሆነ የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ስፌቱ የምላጩ መንገድ ላይ ከሆነ በራሱ ስለት ያበላሻል።

የውሃ ጠብታ ሙከራ ብዙ ይመከራል። በዕፅዋት የለፋና ያልተቀባ ቆዳ ውሃውን መጥጦ ይጠቁራል፤ የተቀባው ላይ ጠብታው እንደቆመ ይቀራል። ነገር ግን ሰም ወይም ቅባት የጠጣ ጥሩ ቆዳም ውሃ አያሳልፍምና በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

«ኮርዶቫን» የሚለው ቃል ሌላው ወጥመድ ነው። ትክክለኛው ኮርዶቫን ከፈረስ መቀመጫ አካባቢ፣ ከላይኛው ቆዳ ሥር የሚገኝ ጥቅጥቅ ያለ ንብርብር ነው። ከአንድ ፈረስ የሚወጣው ትንሽ ስለሆነ ውድ ነው። ተራ የፈረስ ቆዳ ኮርዶቫን አይደለም። ጠቆር ያለ ቀይ ቀለምም በዚሁ ስም ስለሚጠራ፣ ማብራሪያው ላይ ያያችሁት ቃል የቀለሙ ስም ብቻ ሊሆን ይችላል። ለጀማሪ ግን እውነተኛው እንኳ አይመከርም፤ የመጀመሪያውን ስትሮፕ መቁረጣችሁ አይቀርምና ተራ ግን ሙሉ የሆነ የላም ቆዳ ይበቃል።

ልኩንም በጥንቃቄ አንብቡ። «60 ሳንቲ ሜትር» ሲባል መንጠቆውና እጀታው ተቆጥረው ይሆናል፤ ምላጭ የሚሄድበት ቆዳ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ለሚንጠለጠል ስትሮፕ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ደህና ነው። ወርዱ 7.5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ምላጩን ሙሉ በሙሉ ያሳርፋል፤ 5 ከሆነ ምላጩን እያገደሙ መሳብ ያስፈልጋል። ሆኖም መሃሉ ከጎደጎደ ሰፊ ስትሮፕ ለጥ ያለ ጠባቡ ይሻላል። ከሆድ የተቆረጠ ቆዳ ይለጠጣል፣ ይጣመማል፤ ከጀርባና ከዳሌ የወጣው ይጸናል። ማስመሪያ በጎኑ አቁማችሁ ወርዱ ላይ አጋድሙና ወደ ብርሃን እዩ። ከሥሩ ብርሃን ካለፈ መልሱት። መሃል ገጹ ላይ ዓርማ ጠልቆ የታተመበትንም አትቀበሉ፤ አምራቹ የምላጩን መንገድ ለማስታወቂያ አውሎታል።

ቀድሞ አረንጓዴ ማለስለሻ የተቀባ ስትሮፕ፣ በተለይ በሁለቱም ገጽ፣ ፈጽሞ አትግዙ። ለየቀኑ የሚያስፈልገው ንጹሕ ቆዳ ነው፤ ማለስለሻ አልፎ አልፎ፣ ለብቻው በተዘጋጀ ገጽ ላይ ነው፣ ያውም ጣውላ ላይ የተለጠፈ ቢሆን ይመረጣል። ለምላጭ የሚሆነው አረንጓዴ ማለስለሻ ክሮሚየም ኦክሳይድ ሲሆን የቅንጣቱ መጠን 0.5 ማይክሮን ገደማ ነው። በሳጥኑ የሚመጣው አረንጓዴ ግን ብዙ ጊዜ ለቢላና ለብረት መወልወያ የተሠራ፣ ሻካራ አሉሚኒየም ኦክሳይድ የተቀላቀለበት ነው። ቆዳ ውስጥ አንዴ ከገባ በደንብ አይወጣም።

ዕቃው ሲደርሳችሁ ምላጭ ሳታስነኩ ይህን ሁሉ መርምሩ፤ አንድ ጭረት ካረፈበት ሻጩ «ተጠቅማችሁበታል» ብሎ አይመልስላችሁም። «በዘይት አለስልሱት» ቢሏችሁም አትስሙ፤ ዘይት የጠጣ ቆዳ ይለሰልሳል፣ የወጥ ቤት ዘይት ደግሞ ይሸታል። ቆዳውን በንጹሕ መዳፍ 20 ወይም 30 ጊዜ ማሸት ይበቃል።

ከምርመራው ካለፈ በኋላ በተሳለ ምላጭ ሞክሩት። ምላጩን ስትሮፑ ላይ ከማሸታችሁ በፊት አንዲት ጸጉር አንጠልጥላችሁ ቁረጡ። ቆዳውን ወጥሩት፤ የምላጩ ጀርባ ይቅደም፣ ስለቱ ይከተል፤ ከምላጩ ክብደት በላይ አትጫኑ፤ ስትመለሱ በጀርባው ላይ ገልብጡት እንጂ በስለቱ በኩል አታዙሩት። 50 ጊዜ ደርሶ መልስ ካሻችሁ በኋላ ያችን ጸጉር እንደገና ሞክሩ። ቀድሞ ይቆርጥ የነበረው አሁን ካልቆረጠ፣ እጃችሁም ከላይ እንደተባለው ከሄደ፣ ጥፋቱ የስትሮፑ ነው። ሲገለበጥ ጠርዙን ጫር ካደረጋችሁት ግን ተስፋ አትቁረጡ፤ ቁጥሩ ከ400 እስከ 600 በሆነ ብርጭቆ ወረቀት የተነሳውን ክፍል ማስተካከል ይቻላል፤ የቀረው ጉድጓድ አይጎዳም፣ ስለት የሚያበላሸው ወደ ላይ የቆመው ቁራጭ ነው።