አትደውሉልኝ፣ ጻፉልኝ

ከዋሽንግተን ለእህቴ ሰርግ መጥቼ አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ሰነበትኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ማጅራት ገትር ታምሜ ነው መስማት ያቆምኩት። ስለዚህ የተጠቀምኩበትን አገልግሎት ሁሉ የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ከእኔ ጋር ለመግባባት ምን አደረጉ?

ከታክሲው ልጀምር። በአፕ የሚጠሩት ታክሲዎች ለእኛ ትልቅ እፎይታ ናቸው። መድረሻህን ካርታ ላይ ታሳያለህ፣ ዋጋው ይታይሃል፣ የሰሌዳው ቁጥር ይመጣልሃል። ችግሩ የአዲስ አበባ ሾፌር ሳይደውል አይመጣም። አራት ኪሎ ቆሜ ስልኬ እጄ ላይ አራት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። «መስማት የተሳነኝ ነኝ፣ እባክህ ጻፍልኝ» ብዬ ላክሁለት። አምስተኛ ጊዜ ደወለና ጉዞውን ሰረዘው። ሁለተኛው ሾፌር ግን መልእክቱን አነበበ። «እሺ ወንድሜ፣ ነጭ ቪትዝ ነው፣ ፍሬቻ አበራለሁ» አለኝ። እውነትም ፍሬቻውን እያብለጨለጨ መጣ። አሜሪካ ውስጥ ኡበር እንደ ፈረንጆቹ ከ2015 ጀምሮ መስማት የተሳናቸው ሾፌሮች አፑ ላይ እንዲያሳውቁ አድርጓል፤ ተሳፋሪው አይደውልም፣ ይጽፋል። ለተሳፋሪም እንዲህ ያለ አንድ ምልክት እዚህ አፖቹ ላይ ቢጨመር ስንቱን ሰው ከመንገድ ዳር ያነሳ ነበር!

ክፍያ አላስቸገረኝም። ቴሌብር ሁሉንም በጽሑፍ ይነግርሃል፤ ከፈልክ፣ ተቀበልክ፣ ይህን ያህል ቀረህ። ባለሱቁም ሒሳቡን ካልኩሌተር ላይ መትቶ ያሳያል።

ባንኩ ነው ያስለፋኝ። ፒያሳ አካባቢ ያለ ቅርንጫፍ ነው። የወረፋ ማሽኑ ቁጥር ሰጠኝ፤ ቁጥሩን የሚያሳየው ስክሪን ግን ጠፍቷል፣ የሚጠራው ድምፁ ብቻ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ብድግ ሲል እኔም ቀና እላለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል እንዲህ ሆኜ ቆየሁ። ተራዬ ለካ ድሮ አልፏል። መስኮቱ ጋ ስደርስ ደግሞ ቴለሯ ከመስታወቱ ጀርባ አቀርቅራ ታወራለች። ከንፈር ማንበብ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። «በላ» እና «መላ» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው።

ላይቭ ትራንስክራይብን ከፈትኩ። ጎግል መስማት የተሳናቸው ከሚማሩበት የአሜሪካው ጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሠርቶ እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ያወጣው ነጻ አፕ ነው፤ ሰው የሚናገረውን እዚያው ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፣ አማርኛም ይችላል። ስልኩን በመስታወቱ ቀዳዳ አሳልፌ ፊቷ አስቀመጥኩት። «ፓስፖርትዎን ይስጡኝ» የሚለው ሲመጣ ልጅቷ ራሷ ደነገጠች፤ ከዚያ ፈገግ አለች። በአሥር ደቂቃ ጨረስን። አፑ የራሱ ችግር አለው። ኔትወርክ ሲደክም ይቆማል፣ ጫጫታ ያለበት ካፌ ውስጥ ይዘባርቃል፣ የሒሳብ ቁጥሬንም አሳስቶ ጽፎታል። ቁጥርና ስም ወረቀት ላይ ይጻፍ። ያም ሆኖ ቅርንጫፉ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተራ አንድሮይድ ስልክና ዋይፋይ ነው። ስክሪኑንም ማብራት።

አሁን ወደ ወደድኩት ልምጣ። የጥሪ ካርዱን ያሠራሁት መሀል ከተማ ባለች ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው። ከሠራተኞቹ ሦስቱ መስማት የተሳናቸው ናቸው። ስገባ መጥሪያውን ተጫንኩ፤ ከማሽኑ በላይ ያለ አምፖል ብልጭ ብልጭ አለ። ወረቀት የምትቆርጠዋ ልጅ ቀና አለችና ወደ እኔ መጣች። አምፖሉን የሰፈር ኤሌክትሪሻን ነው ከመጥሪያው ሽቦ ጋር ያገናኘላቸው። ትእዛዝ የሚተላለፈው በቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ የሥራው ፎቶ ይላካል፣ የሚስተካከለው ቦታ በቀይ ይከበባል።

ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ሁሉም እትዬ ነው የሚሏቸው። «መጀመሪያ ሰሞን ሁሉን ነገር ወረቀት ላይ እጽፍላቸው ነበር» አሉኝ። «እሺ ይሉኛል፣ ሥራው ግን ሌላ ሆኖ ይወጣል።» ቆይቶ ነው የገባቸው። ለብዙዎቻችን የመጀመሪያ ቋንቋ ምልክት ነው፤ የአማርኛ ጽሑፍ ሁለተኛ ነው። ጽሑፍ ብቻ ሰጥቶ «አመቻችቻለሁ» ማለት አይበቃም። አሁን እትዬ ራሳቸው ምሳ ሰዓት ላይ ከልጆቹ ምልክት ይማራሉ። ደመወዝና ውል የመሰለ ከባድ ጉዳይ ሲመጣ አስተርጓሚ በቪዲዮ ይደውሉና ለተሠራበት ሰዓት ብቻ ይከፍላሉ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያዛል። እትዬ አዋጁን አንብበው አያውቁም። ሥራው እንዳይበላሽ ብለው ነው የጀመሩት።

ይህን የቪዲዮ ነገር ባንኮቹ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። አሜሪካ ሆኜ ስደውል ስክሪኑ ላይ አስተርጓሚ ትመጣለች፤ እኔ በምልክት፣ እሷ በድምፅ። እኔ አልከፍልም፤ ወጪውን የሚሸፍነው የቴሌኮም ኩባንያዎች የሚያዋጡት ፈንድ ነው። እዚህ ደግሞ አንድ ባንክ በመቶ የሚቆጠር ቅርንጫፍ አለው። በየቅርንጫፉ አስተርጓሚ ይቀጠር የሚል የለም። ዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት አስተርጓሚ ይቀመጡ፣ በየመስኮቱ የቪዲዮ ጥሪ ይኑር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል፤ የተማሩት ልጆች አሉ።

ማተሚያ ቤት ካለችው ወረቀት ቆራጭ ልጅ ጋር የሰርጉን ቦታ ስንጽፍ «ቀበና»ን በጣት ፊደል ነገርኳት። የእኛ የጣት ፊደል ደስ ይላል፤ የእጁ ቅርጽ «ቀ» ወይም «በ» መሆኑን ይናገራል፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ይለያል። እኔ ስንት ዓመት በአሜሪካው ምልክት ኖሬ ራብዑ ጠፍቶብኛል። «ቀበነ» ብዬ ነው የጻፍኩት። አንጓዬን ይዛ እንቅስቃሴውን አሳየችኝ፣ ከዚያ ደግሜ እንድሠራው ጠበቀች። እስኪስተካከል ሦስት ጊዜ አሠራችኝ።

በሦስተኛው ቀን በቴሌግራም የካርዱን ፎቶ ላከችልኝ። የ«ቀበና» የመጨረሻ ፊደል በቀይ ተከቧል። ከሥሩ «አልቋል፣ ና» ይላል።