አባቶቻችሁን ዊንዘር ልትወስዱ ካሰባችሁ ይህን የእሁድ ጉዞ አትግዙ

በዚህ ሰመር ከሀገር ቤት እናት፣ አባት ወይም አክስት የምትቀበሉ ወገኖች፣ እባካችሁ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ኢንተርኔት ላይ «ዊንዘር፣ ስቶንሄንጅ እና ባዝ በአንድ ቀን» የሚል የአውቶቡስ ጉዞ ታገኛላችሁ። ከለንደን ተነስቶ ማታ ለንደን ይመልሳል። የሚሸጡት ድርጅቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም አንድ ናቸው አልልም። እኛ የገዛንበትን ስሙን አልጠራም፣ ጉዳዩ ገና ባንክ ዘንድ ነው። የደረሰብንን ግን ልንገራችሁ።

አባቴ ደብረ ታቦር ላይ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቪዛው ሲወጣላቸው በስልክ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የዓለማየሁን ቦታ ታሳየኛለህ?» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

ልዑል ዓለማየሁ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ነው። አባቱ እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ገና የ7 ዓመት ልጅ ሳለ ይዞት ሄደ። በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ውስጥ ሞተ። የተቀበረው ዊንዘር ቤተ መንግሥት ግቢ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ያሠራችለት የመታሰቢያ ሰሌዳ እዚያው ግድግዳው ላይ አለ። አፅሙ ወደ ሀገሩ እንዲመለስ ወገኖቹ ደጋግመው ጠይቀዋል፤ በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አይሆንም ብሎ መልሷል። ስለዚህ ለእኛ ሰው ዊንዘር መሄድ ሽርሽር ብቻ አይደለም። ለቅሶ መድረስም ነው። አባቴ ከሀገር ቤት ጧፍ ይዘው ነው የመጡት። ሻንጣ ውስጥ እንዳይሰበር ብለው በኮት ኪሳቸው።

ማስታወቂያውን ሳየው ሦስቱንም በአንድ ቀን መጨረስ ጥሩ መሰለኝ። ባዝ ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት የኖሩባት ከተማ ናት። አባቴን በአንድ ጉዞ ሁለቱንም አሳያለሁ ብዬ ደስ አለኝ። ለአዋቂ 79 ፓውንድ፣ ለልጅ 69 ይላል። አባቴ፣ ባለቤቴ፣ እኔና የ9 ዓመት ልጃችን 306 ፓውንድ ሆነ። መጨረሻው ገጽ ላይ በሰው 4 ፓውንድ የቡኪንግ ክፍያ ጨመሩ። 322 ገባ። ይቺን አራት ፓውንድ ልብ በሉ። ከኤፕሪል 6 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ መቅረት የማይችል ክፍያ ሁሉ ከመጀመሪያው ዋጋ ላይ ተደምሮ እንዲታይ ያዝዛል። እንዲህ ያለ መቅረት የማይችል ክፍያ መጨረሻ ላይ ብቅ ሲል ካያችሁ ያ ድርጅት ሕጉን እየጣሰ ነው። እኔ ያን ቀን አላወቅኩም።

እሁድ ጠዋት በእንግሊዝ አቆጣጠር 8 ሰዓት ለንደን ቪክቶሪያ ጣቢያ ተገኘን። አውቶቡሱ 45 ደቂቃ ዘግይቶ ወጣ። መንገድ ላይ አስጎብኚው ማይክ ይዞ «የዊንዘርና የስቶንሄንጅ መግቢያ የምትፈልጉ ከእኔ ግዙ» አለ። ደነገጥኩ። መግቢያውን የከፈልኩ መስሎኝ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ገጹን ደግሜ አነበብኩት። «ዊንዘርን ይጎብኙ» ይላል። «ይግቡ» የሚል ቃል የትም የለም። ታች፣ በጣም በደቃቁ፣ መግቢያው በምርጫ ነው ተብሎ ተጽፏል።

የዊንዘር ቤተ መንግሥት መግቢያ ለአንድ አዋቂ ከ30 ፓውንድ አያንስም። ለአራታችንም ልገዛ አልቻልኩም። ለአባቴና ለእኔ ገዛሁ። ባለቤቴና ልጄ ውጭ ቁጭ ብለው ጠበቁን። የተሰጠን ጊዜ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ከዚያ ላይ ሰልፉና ፍተሻው ግማሽ ሰዓት ወሰደ። አባቴን ደግፌ ዳገቱን እየወጣን ጸሎት ቤቱ በር ደረስን። በሩ ላይ የቆመችው ሴትዮ በትሕትና፣ እሁድ እሁድ ለጎብኚ ዝግ ነው አለችን።

እውነቷን ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት እሁድ ለጎብኚ አይከፈትም። አዲስ ነገርም አይደለም፣ የቤተ መንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ በግልጽ ተጽፏል። በየሳምንቱ ወደዚያ ሰው የሚያመላልስ ድርጅት ይህን አያውቅም ማለት አይቻልም። ግን የሸጠልን ገጽ ላይ የጸሎት ቤቱን ፎቶ ለጥፏል፤ ስለ እሁድ አንድ ቃል የለም። በጣም ያንገበገበኝ ደግሞ ኋላ የሰማሁት ነው። እሁድ ለጸሎት ለሚመጣ ሰው በሩ ክፍት ነው፣ ክፍያም የለውም። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን እሁድን ቤተ ክርስቲያን ያሳለፉ ሰው ናቸው። ሰዓቱን አስተካክሎ የሚነግረን ሰው ቢኖር ኖሮ ቅዳሴያቸውን አስቀድሰው በወጡ ነበር።

አባቴ ምንም አልተናገሩም። ኮታቸውን ከላይ ደባበሱና «እንመለስ በቃ፣ ልጅቷ ፀሐይ ላይ ናት» አሉ።

ስቶንሄንጅን ባጭሩ ልለፈው። ፎቶው ላይ ሰዎች በድንጋዮቹ መሃል ይሄዳሉ። በተራው ቲኬት እንዲህ የለም። ገመድ ተዘርግቷል፣ ዙሪያውን ትዞራላችሁ። ወደ መሃል መግባት ከመደበኛው ሰዓት ውጭ የሚደረግ፣ ለብቻው የሚያዝ ጉብኝት ነው። የጎብኚዎች ማዕከሉ ከድንጋዮቹ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በሌላ አውቶቡስ ነው የምትወሰዱት። የተሰጠን አንድ ሰዓት ከሩብ በመሄድና በመመለስ አለቀ። ቦታው ራሱ ድንቅ ነው፣ የ4,500 ዓመት ታሪክ ያለው ነው፤ ጥፋቱ የቦታው አይደለም።

ባዝ ስንደርስ አባቴ ትንሽ ነቃ አሉ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ እዚያ ነው። ከማይጨው በኋላ ሀገር አልባ ሆነው፣ የእንግሊዝን ብርድ የቻሉበት ቤት። በኋላ ንጉሡ ቤቱን ለከተማው አስረከቡት፤ አረጋውያን ሲገለገሉበት ኖሯል። አስጎብኚውን ጠየቅነው። ስሙንም ሰምቶ አያውቅም። ቤቱ ከመሃል ከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ በተሰጠን ጊዜ ደርሶ መመለስ አይታሰብም። በዚያ ላይ ፌርፊልድ ለጎብኚ በየቀኑ አይከፈትም፤ የሚከፈትበትን ቀን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። የሮማውያኑን መታጠቢያ መግቢያም በራሳችሁ ነው የምትከፍሉት። አይስክሬም ለልጅቷ ገዛን፣ ወንዙን አየን፣ ተመለስን።

ማታ ቤት ገብቼ ሰዓቱን ቆጠርኩት። 12 ሰዓት ያህል ከቤት ውጭ ነበርን። በእግራችን ቆመን ያየነው በሦስቱም ቦታ ተደምሮ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። የቀረው ወንበርና መንገድ ነው። የ70 ዓመት ሰው እግሩ አብጦ የሚመለስበት ቀን ነው። ሦስቱን ቦታ በካርታ ላይ ብታዩት ትረዳላችሁ። ባዝ ብቻውን ከለንደን ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አንድ ቀን አይበቃቸውም፣ ሻጩም ይህን ያውቃል።

ሰኞ ገንዘቤን ጠየቅኩ። መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ። ኢንተርኔት ላይ የተገዛ ነገር በ14 ቀን ውስጥ ይመለሳል ሲባል ሰምቼ በዚያ ጻፍኩ። ለልብስና ለዕቃ ልክ ነው። ቀን ተቆርጦለት ለተያዘ የመዝናኛ ቲኬት ግን ያ መብት አይሠራም፤ ሕጉ ራሱ ለይቶ አውጥቶታል። እነሱም ይህንኑ በአንድ መስመር መለሱልኝ። ትክክለኛው መንገድ የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ነው። ሻጩ ስለ አገልግሎቱ የነገረህና አንተም አምነህ የገዛህበት ነገር የውሉ አካል ነው ይላል። የጸሎት ቤቱን ፎቶ ለጥፎ እሁድ ሸጦልኛል ብዬ ደግሜ ጻፍኩ። በምላሹ ለሌላ ጉዞ የሚሆን የ20 ፓውንድ ቫውቸር ላኩልኝ። አልተቀበልኩትም። ቫውቸር ከተቀበላችሁ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል ሊሉ ይችላሉና ተጠንቀቁ።

እኔ የከፈልኩት በዴቢት ካርድ ስለነበር ባንኬን ቻርጅባክ፣ ማለትም ገንዘቡን ከሻጩ እንዲያስመልስልኝ ጠየቅኩ። ይህ በካርድ ድርጅቶቹ ደንብ የሚሠራ ነው፣ የጊዜ ገደብም አለው፣ ብዙ ጊዜ 120 ቀን ነው። በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው የተሻለ መያዣ አለው። በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ ከሆነ የካርዱ ድርጅትም አብሮ ተጠያቂ ነው። ግን የሚታየው የአንዱ ቲኬት ዋጋ ነው። 79 ፓውንድ የሆኑ አራት ቲኬቶች ገዝታችሁ ድምሩ 300 ቢያልፍም ባንኩ አይመለከተኝም ሊል ይችላል። በሌላ ደላላ ድረ ገጽ በኩል ከገዛችሁም ነገሩ ይወሳሰባል። ግራ ሲገባችሁ የሲቲዝንስ አድቫይስ የሸማቾች መስመር 0808 223 1133 ነው፣ በነጻ ነው የሚደወለው። እኔን የረዳችኝ ሴት ታጋሽ ነበረች። ስክሪንሾት አለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እድሜ ለባለቤቴ፣ እሷ ገጹን አስቀምጣው ነበር። እኔ ስመለስበት ፎቶው ተነስቷል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ገጹን እስከ ታች ፎቶ አንሱት።

አባቴ ቅዳሜ ተመላሽ ነበሩ። ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሁለታችን ዊንዘር ተመለስን። ማክሰኞና ረቡዕ ቤተ መንግሥቱ ራሱ ዝግ ስለሆነ ሐሙስን መረጥን። ከዋተርሉ በቀጥታ የሚሄድ ባቡር አለ፣ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ስትወርዱ ቤተ መንግሥቱ ከፊታችሁ ነው። ቲኬቱን በቀጥታ ከቤተ መንግሥቱ ድረ ገጽ አስቀድመን ገዛን።  ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ የሚያገኝ ሰው ደግሞ ዊንዘርንም የለንደን ታወርንም በ1 ፓውንድ መግባት ይችላል። ይህን ብዙ ወገኖቻችን አያውቁትም፣ ንገሯቸው። የብሪቲሽ ሙዚየም መግቢያንም በ20 እና በ25 ፓውንድ የሚሸጡ አሉ። ሙዚየሙ ነጻ ነው። የሳይንሱም፣ የተፈጥሮ ታሪኩም ነጻ ናቸው። ፍለጋ ስታደርጉ ከላይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው፣ ወደ ታች ውረዱና የቦታውን የራሱን ገጽ ክፈቱ።

አባቴ ሰሌዳው ፊት ቆሙ። መነጽራቸውን አድርገው ፊደል በፊደል አነበቡት። መጨረሻው ላይ ከማቴዎስ ወንጌል የተወሰደ ቃል አለ፤ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» የሚለው። ጧፉን እዚያ ማብራት አልተቻለም። ከኪሳቸው አውጥተው በእጃቸው እንደያዙት ቆዩ። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። የሚያጣድፈን አውቶቡስ አልነበረም።

ይህን ዓይነት ጉዞ አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ብዙዎቹ ከመነሻው 24 ሰዓት በፊት ለሰረዘ ሰው ሙሉ ገንዘቡን ይመልሳሉ። ኢሜይላችሁን አሁን ክፈቱና ቀኑን እዩት። እሁድ ከሆነና የምትሄዱት ለዓለማየሁ ከሆነ ዛሬውኑ ሰርዙት።