ማብሪያው ጥሩ ነው፣ ፍሪጁ ግን ነዘረን

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ካለ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ አራት ባለ ዋይፋይ ማብሪያ ማጥፊያ ገዛሁ። ፊቱ መስታወት ነው፣ ሦስት ቁልፍ አለው፣ በጣት ነካ ሲያደርጉት ይበራል። ለዕቃው ብቻ ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ገጠማው ግን ሌላ ወሬ ነው።

ጥሩ ጎኑን ቶሎ ልጨርስ። አልጋ ላይ ሆኜ የሳሎኑን መብራት አጠፋለሁ። የውጪው አምፖል ማታ 12 ሰዓት ላይ ራሱ ይበራል። 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው የሚይዘው፣ እሱን ካወቃችሁ ከስልክ ጋር ማገናኘቱ ቀላል ነው።

ሻጩ ያልነገረኝ ነገር ይሄ ማብሪያ ኒውትራል፣ ማለትም ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ፣ እንደሚፈልግ ነው። ተራው ማብሪያ አይፈልግም፤ ፌዙ (ኮረንቲው የሚመጣበት ሽቦ) ይገባል፣ ወደ አምፖሉ ይወጣል፣ አለቀ። ይሄኛው ግን መብራቱ ጠፍቶም እሱ ነቅቶ ከስልክ ትእዛዝ ስለሚጠብቅ ለራሱ የሚሆን ኃይል ያስፈልገዋል፣ ለዚህ ደግሞ ፌዝም ኒውትራልም መግባት አለበት። የኛ ቤት ኒውትራል በኮርኒሱ በኩል ቀጥታ ወደ አምፖሉ ነው የሄደው። ማብሪያው የሚገጠምበት የግድግዳ ሳጥን (ስካቶላ) ውስጥ ኒውትራል የለም። ያለው ፌዙ፣ ወደ አምፖሎቹ የሚሄዱት ሽቦዎችና ማንም ያልነካው ቢጫ በአረንጓዴ የግራውንድ ሽቦ ነው፣ የሾለከ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስደው።

የጠራሁት የሰፈር ልጅ ያንን ግራውንድ ልጦ ኒውትራል የሚገባበት ቦታ ላይ አሰረው። «እሱ እኮ ግራውንድ ነው» ስለው «አይዞህ ብሮ፣ ሽቦ ሽቦ ነው» አለኝ። ማብሪያው በራ። ሒሳቡን ከፍዬ ሸኘሁት፣ ጥፋቱ የኔም ነው።

ከዚያ ማብሪያው ከስልኬ ላይ ድንገት ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ ይጠፋል። ዋይፋዩን ረገምኩት። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ወለሉን ወልውላ በባዶ እግሯ ፍሪጁን ልትከፍት ስትል ጮኸች። «አንተ፣ ነዘረኝ!» የቴስተሩን ጫፍ ፍሪጁ በር ላይ ሳስነካው ኮረንቲ መኖሩን የምታሳየው የቴስተሩ ትንሽዬ መብራት ቦግ አለች። የዚያን ጊዜ እኔም ጉልበቴ ከዳኝ።

በማግስቱ ጸጉራቸው የሸበተ አንድ ኤሌክትሪሽያን መጡ። ማብሪያውን እንኳ ሳይፈቱ ቀጥታ ወደ ቆጣሪው ሄዱ። እዚያ ሥር የተቀበረው የግራውንድ ዘንግ ማሰሪያው ዝጎ ሊበጠስ ደርሷል። በማብሪያው በኩል አልፎ ወደ ግራውንድ የገባው ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወርድበት ጥሩ መንገድ የለውም ማለት ነው፣ ስለዚህ በዚያው ሽቦ ዞሮ የፍሪጁ ቆርቆሮ ላይ ወጣ። «ልጄ፣ ግራውንድ ማምለጫ ነው እንጂ መሥሪያ አይደለም» አሉኝ። ብሬከሩ ለምን አልወረደም ብዬ ጠየቅኳቸው። ብሬከር የሚወርደው ሽቦ ሲጋጭ ወይም ጭነት ሲበዛ ነው፣ ሰው የሚገድል ኮረንቲ ግን ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። ለሰው የሚደርሰው አርሲዲ የሚባለው ነው፣ 30 ሚሊ አምፔር ሲሾልክ ይቆርጣል። አስገባሁ። ከማብሪያዎቹ ሁሉ ይልቅ ደስ ያለኝ እሱ ነው። ማሰሪያውንም ቀየሩ፣ ከመገናኛ ሳጥኑ ትክክለኛ ኒውትራል ስበው ለሦስቱ ማብሪያዎች አመጡ። ከዚያ ወዲህ ከስልኬ ላይ ጠፍቶብኝ አያውቅም፤ ዋይፋዩን በከንቱ ነው የረገምኩት።

ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱና ማብሪያችሁን ፈታችሁ ስካቶላውን እዩ። የሽቦ ቀለም አትመኑ፣ እኛ ቤት ኒውትራሉ ቀይ ሆኖ ተገኝቷል። ኒውትራል የማይፈልግ ዓይነትም ይሸጣል፣ ግን እሱ በአምፖሉ በኩል ትንሽ ኮረንቲ እያሳለፈ ስለሚኖር አንዳንድ ኤልኢዲ አምፖል ጠፍቶም ብልጭ ብልጭ ይላል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ፣ ብዙዎቹ 120 ቮልት ብቻ ናቸው፣ የኛ 220 ነው። የኔው ላይ የተጻፈው 10 አምፔር ነው፣ በ220 ሲባዛ 2,200 ዋት። የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 በላይ ይጎትታልና አስቡት እንኳ አትበሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። አምፖል ልቀይር በስልክ አጥፍቼ ወንበር ላይ ወጥቼ ሳለ፣ መተግበሪያው ስልኩ ላይ ያለው ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሆኖ ለቀልድ አበራው። ገና አልነካሁትም ነበር፣ ተመስገን። አሁን አምፖል ስቀይር ብሬከር አወርዳለሁ።

አራተኛው ማብሪያ እስካሁን ከካርቶኑ አልወጣም፣ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ካልተቆፈረ ኒውትራል አይደርሰውም። ባለቤቴ ፍሪጁን የምትከፍተው ዛሬም ነጠላ ጫማ አድርጋ ነው።